ላላየነው የተጨመረ ቤንዚን

ጋሽ ይርዳው አረፉ ብሎ የደወለልኝ ጎረቤታቸው ነው። "ማን ነገረህ?" አልኩት። "የእህታቸው ልጅ" አለኝ። "እሱስ በዓይኑ አይቷል?" ሰውየው ድንጋጤ ያናወዘኝ መስሎት፣ "በል አይዞህ ወንድሜ፣ ጠንከር በል" ብሎ ዘጋው። አላናወዘኝም። ቀጥዬ ለሌላ ሰው ደወልኩ፤ ከዚያም ለራሱ ለእህታቸው ልጅ። ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ተኝተው እንደነበር፣ ጠዋት እንዳረፉ፣ አስከሬናቸውን ይዞ እየመጣ መሆኑን በአንደበቱ ሲነግረኝ ነው ስልኩን አስቀምጬ ያለቀስኩት። አንዱን ነገር በሌላው ሳታጣራ አትመን ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ሞታቸውንም በሳቸው መንገድ አጣራሁ።

ወረታ ውስጥ "ይርዳው" ብትል የሚያውቅልህ ጥቂት ሰው ነው። "ጋሽ አላምንም" ካልክ ግን የባጃጅ ነጂው ሁሉ ወደ ደብረ ታቦር መውጫ፣ መገንጠያውን አለፍ ብሎ ካለው ጋራዣችን ያደርስሃል። ስሙን ያወጡላቸውም ባጃጅ ነጂዎቹ ናቸው። አንዱ መጥቶ "ጋሼ፣ ዘይቱን በቅርብ ነው የቀየርኩት" ሲላቸው "አላምንም" ይሉና ይጎነበሳሉ። ዘይቱን በጣታቸው ነክተው ያሻሉ፣ ያሸታሉ፣ ከዚያ ቀና ብለው ሰውየውን ያዩታል። ሰውየው ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ቦታ ያያል።

አጭር ሰው ነበሩ። በጋ ከክረምት የማይለይ ካኪ ካፖርት ይለብሳሉ፣ ኪሱ ውስጥ ረጅም ካቻቢቴ አይጠፋም። ሞተር ሲሠራ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያን ጊዜ ብትጠራቸው አይሰሙህም። ቢሰሙህም አይመልሱልህም።

እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ አልወደድኳቸውም። እኔ የጋራዡ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። እሳቸው ሲመጡ ቀድሜያቸው እዚያው ነበርኩ። እዚሁ አጠገባችን ቁሐር ሚካኤል ተወልደው፣ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ገብተው፣ ከሸበቱ በኋላ ነው የተመለሱት። አዲስ አበባ የእሽቅድምድም መኪና ሞተር ይሠሩ ነበር ተባለ። እንግዲህ ንገሩኝ፣ የእሽቅድምድም መኪና የሚሠራ ሰው ወረታ ምን ሊሠራ ይመጣል? እኛ አገር የሚሽቀዳደመው ባጃጅ ነው። "አንድ ነገር ሳይኖር አይቀርም" አልን። ሰው አጭበርብረው ሸሽተው ነው ያለ አለ። ታስረው ነበር ያለም አለ። እኔ አንዱንም አላመንኩ፣ አንዱንም አልጣልኩ።

ይባስ ብሎ የመኪና ኮምፒውተር የሚያስተካክሉበት ላፕቶፓቸው ነበረ። በከፈቱት ቁጥር ግራ እጃቸውን ከስክሪኑ በላይ እንደ ጣራ ያጠላሉ። ጠጋ ስል ፊታቸውን ያኮሳትራሉ። "ምን እየደበቁ ነው ጋሼ?" ብዬ በቀልድ አስመስዬ ጠየቅኳቸው። "ፀሐይ ነው" አሉኝ። ደመና በሆነ ቀንም እንዲሁ ያደርጋሉ። ላፕቶፑን ቆልፈውታል፣ የይለፍ ቃሉን ለእናታቸውም አይነግሩም ተባባልን። እኔም የሠሩለት ሰው ሁሉ እሳቸው እጅ ላይ እንዲቀር ነው ብዬ ደመደምኩ።

ይህን ጥርጣሬ ይዤ እያለ ነው የአያ መኳንንት ሥራ የመጣ። አያ መኳንንት የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ነው። አንዲት ያረጀች ፒካፕ አለችው። ሩዝ ወደ መፈልፈያ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ታቦር ገበያ ያመላልስባታል። ክረምት ሜዳው ላይ ውኃ ሲተኛ ደግሞ የታመመ ሰው ያወጣባታል። የዚህች መኪና ሞተር ሞተ። ሰው ሁሉ ሽጣት አለው። እሱ ግን ጥማድ በሬዎቹን ሸጠና ከተገለበጠ የቤት መኪና የወጣ ሞተር ገዛ። ያውም የፎገራ በሬ፣ ሽንጡን ስታየው የምትጠግበውን። ሚስቱ እትዬ የሺ በሬዎቹ ከግቢ ሲወጡ ማየት አቅቷት ጓዳ ገባች አሉ።

ሞተሩን አምጥቶ ጋራዣችን ሲያወርደው መዳፉን አሳርፎበት "እንግዲህ በሬዎቼ እዚህ ውስጥ ናቸው" አለ። ሳቅን። ግን ገብቶናል። ይህ ሞተር ከተቃጠለ የሚያርስበት በሬ የለውም፣ የሚነዳው መኪና የለውም። ከዚያ ወዲያ ጋራዥ በመጣ ቁጥር ሰላምታው "በሬዎቼ እንዴት አደሩ?" ሆነ።

ሞተሩ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አልመጣም። ጋሽ ይርዳው ከአዲስ አበባ ባዶ ኮምፒውተር አስመጡ። ባዶ ስል ምንም የማያውቅ ማለቴ ነው፤ መቼ ምን ያህል ቤንዚን እንደሚረጭ አንተ ነህ የምትነግረው። የምትነግረውም በሰንጠረዥ ነው። አንዱ ጎን የሞተሩ ፍጥነት፣ ሌላው ጎን እግርህ ፔዳሉን ሲረግጥ የአየር በሩ ምን ያህል እንደሚከፈት ነው። ሁለቱ በሚገናኙበት ሳጥን ሁሉ የቤንዚኑን ልክ ትሞላለህ። ሞተሩን ገና ሳታውቀው የምትሞላው የመጀመሪያ ግምት መነሻ ሰንጠረዥ ይባላል። ካበዛህበት ጥቁር ይጨሳል፣ ይንተፋተፋል፣ ግን አይሞትም። ካሳነስክበት ቀለል ብሎት ይሮጣል፣ ይግላል፣ በመጨረሻ ፒስተኑ ይቀልጣል። "ሞተር ሲርበው አይነግርህም፣ ዝም ብሎ ራሱን ነው የሚበላ" ይሉኝ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉልኝ። የሚገባውን አየር የሚለካው ዕቃ ከሞተሩ ጋር ተሰብሮ ነው የመጣው። ስለዚህ የአያ መኳንንት መኪና አየር ምን ያህል እንደገባ አታውቅም። የምታውቀው በሩ ምን ያህል እንደተከፈተ ብቻ ነው።

እኔ ለማቃለል ብዬ ቴሌግራም ላይ ስፈልግ ዋልኩና የዚያኑ ዓይነት ሞተር ያለቀለት ሰንጠረዥ አገኘሁ። ደስ ብሎኝ አመጣሁላቸው። "ጋሼ፣ ይኸውልዎ። ሞተሩ ያው ነው፣ ኢንጀክተሩ ያው ነው፣ መጫን ብቻ ነው።"

ካቻቢቴውን ኪሳቸው ከተቱ። "ማነው ያው ነው ያለህ?"

"እዚህ ጽፎታል።"

"የጻፈው ሰው የአያ መኳንንትን ሞተር አይቶታል?"

"የት ያየዋል ጋሼ።"

"እንግዲያ ያው መሆኑን በምን አወቀ?" ብለው ጥለውኝ ሄዱ። እኔ ደግሞ በውስጤ፣ ሥራውን ማራዘም ፈልገው ነው አልኩ። ለምን ይዋሻል፣ በጣም ነበር የተናደድኩት።

ሞተሩ ገባ፣ ቱቦው ተያያዘ፣ ሽቦውን እኔ ዘረጋሁ። አያ መኳንንት፣ እትዬ የሺ ከአሮጌ ጋቢ ቀድዳ የላከችውን ጨርቅ አጥፎ በአየር ማስገቢያው አፍ ላይ አሰረ። ወረታ ዙሪያውን የሩዝ መፈልፈያ ነው፣ እብቁ እንደ ጉም ሲበን ይውላል፣ እኛ አገር ጨርቅ ያላሰረ መኪና አታገኝም። ከዚያ ጋሽ ይርዳው ተቀምጠው የሲሊንደሩን ስፋትና የኢንጀክተሩን የቤንዚን አረጫጨት አስልተው መነሻ ሰንጠረዡን ሞሉ። ሞልተው ሲያበቁ ደግሞ በያንዳንዱ ሳጥን ላይ ጨመሩበት።

ቁልፉን ስጠመዝዘው ሞተሩ ተነሣ። ጋራዡ በጥቁር ጭስ ተሞላ፣ የጋራዡ ጎሚስታ እያሳለ ወደ ውጭ ወጣ። አያ መኳንንት በነጠላው አፍንጫውን ይዞ "ኧረ በሬዎቼ ጨሱ" አለ። ጋሽ ይርዳው ግን ካቻቢቴውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሲከፍቱት "ይጭስ። ጠግቧል ማለት ነው። አሁን ቀስ እያልን እንቀንሳለን" አሉ።

ቀስ ማለታቸው እውነት ነው፣ እኔን የሚያሳብድ ቀስታ። ማርሚታው ላይ ጭሱን የምትለካ ሴንሰር ገጥመናል። እሷ በዝቷል ስትላቸው ወዲያው አይቀንሱም። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትተው ቀለሙን ያያሉ፣ ማርሚታው ጫፍ ላይ ጣታቸውን አሽተው ያያሉ፣ ሁሉም አንድ ቃል ሲናገሩላቸው ነው ከሳጥኑ ትንሽ የሚቀንሱ። ቤንዚን በሰልፍ በሚገኝበት ጊዜ ይህ ሁሉ ሲሆን ታንኩ ደጋግሞ ይደርቃል። ደጋግሞ መድረቁ ደግሞ በኔ ሂሳብ ልክ አልመጣም። መኪናዋ ቆማ እየዋለች ቤንዚኑ የት ነው የሚሄድ? ማታ ማታ ከሥራ ሲወጡ ካፖርታቸው ሥር አንድ ነገር አቅፈው እንደሚሄዱ አየሁ። በቃ፣ ያዝኳቸው አልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰበብ ፈጥሬ ቤታቸው ሄድኩ። በር ላይ ቆመው "ምን አመጣህ?" አሉኝ።

"እንደምን ዋሉ ልበልዎ ብዬ ነው።"

"አላምንም። ግባ" አሉኝ።

ገባሁ። መስኮቱ ሥር ባለው መደብ ላይ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። በያንዳንዱ ውስጥ ጥቂት ቤንዚን አለ፣ አንዳንዱ ከሥሩ ውኃ አቅርሯል፣ አንዳንዱ መልኩ ደፍርሷል። ከያንዳንዱ ፊት ነጭ ወረቀት አለ፣ ወረቀቱ ላይ ጠብ ያደረጉበት ጠብታ። ንጹሑ ተንኖ ጠፍቷል፣ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቅባት ትቷል። ጠርሙሶቹ ላይ ገዝቶ ያመጣው ሰው ስም ተለጥፏል። ጎንበስ ብዬ ሳነብ የራሴን ስም አገኘሁ። አንድ ቀን ቤንዚን አስቀድቼ ያመጣሁት እኔ ነበርኩ።

ደሜ ፈላ። "እኔንም ይጠረጥራሉ ጋሼ?"

"ከጎኑ ያለውን አንብበዋ" አሉኝ። አነበብኩ። "ይርዳው" ይላል። ራሳቸው ገዝተው ያመጡት ነው። የሳቸው ወረቀት ላይ ቅባቱ ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

"እኔንም አታለውኛል" አሉ፣ እንደ ትልቅ ነገር አድርገው ሳይሆን እንዲሁ። "ይኼን መርዝ ታንክ ውስጥ ትቼ ልሥራበት? እየገለበጥኩት ነው። ለዕቃ ማጠቢያ እንጂ ለአያ መኳንንት በሬዎች አይሆንም።" ሳልነግራቸው ስለ ምን እንደመጣሁ አውቀውታል። ጠላ ቀዱልኝ፣ ጠጥቼ ወጣሁ። ቤንዚኑ የት እንደሚገባ አወቅሁ። ላፕቶፑ ግን ያው ላፕቶፕ ነው፣ አንዱ ጥርጣሬ ቢወርድልኝ ሌላው ከነነፍሱ ነበር።

ከዚያ ጎዳና ላይ ወጣን። እኔ እነዳለሁ፣ እሳቸው ከጎኔ ላፕቶፑን ጭናቸው ላይ አድርገው እጃቸውን አጥልተውበታል፣ አያ መኳንንት ሩዝ ጭኖ ከኋላ ጆንያው ላይ ተቀምጧል። መንገዱ ቀጥ ያለ ሜዳ ነው። ግራና ቀኝ የሩዝ ማሳ፣ ቦዩ ውስጥ ነጫጭ ወፎች፣ አንዳንዴ መንገዱን የሞላ ከብት። "ርገጥ" ይሉኛል። እረግጣለሁ። "ያዝ እዚያ ላይ። ልቀቅ።" አንዱን ሳጥን ከሌላው እያስማሙ ሄዱ። ጭሱ ቀነሰ፣ ሞተሩ ድምፁ ለዘበ። ሴንሰሯ በየትም ቦታ ልክ ነው አለች። አያ መኳንንት ከኋላ ጣራውን እየመታ "በሬዎቼ ደነሱ" ይላል።

ጨረስን ብዬ ደስ ሲለኝ ጋሽ ይርዳው ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ የሚረገጥባቸውን ሳጥኖች ለብቻ መርጠው እንደገና ቤንዚን ጨመሩባቸው። ሴንሰሯ ወዲያው በዝቷል አለች።

"ልክ ነበር እኮ ጋሼ። ለምን ያበዙበታል?"

"ሴንሰሯ ያየችውን ነው የምትናገር። እኔ የጨመርኩት ላላየችው ነው።"

"ያላየችው ምንድን ነው?"

"ባውቀውማ እሱን አስተካክዬ ይኼን እተወው ነበር።"

መልስ ነው ይኼ? አያ መኳንንት ቤንዚን ለማግኘት ከሌሊት ጀምሮ ይሰለፋል፣ እሳቸው ስሙን ለማያውቁት ነገር ይጨምሩበታል። ከቤንዚን ነጋዴው ጋር ተስማምተው ይሆን አልኩ በሆዴ። ለአያ መኳንንትም ነገርኩት። እሱ ራሱን አክኮ "ጭሱ አይደለም የሚያሳስበኝ፣ ከጀርባው ምን እንዳለ ነው" አለኝ። እሱም መጠርጠር ጀምሮ ነበር።

የመጀመሪያው የደብረ ታቦር ገበያ ቀን ሦስታችንም ወጣን፣ ሙሉ ጭነት ይዘን። ሜዳው ላይ እንደ ቅቤ ሄደች። ዓለም በርን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ግን ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረገጥኩት፣ ሞተሩም እንደዚያ ቀን ጉልበት ኖሮት አያውቅም። እንዲያውም ደስ አለኝ። ዞር ስል ጋሽ ይርዳው ላፕቶፑን ትተው ጆሯቸውን ወደ ፊት ቀስረዋል። በጣም ቀጭን፣ ጠጠር በቆርቆሮ ላይ የሚንከባለል የመሰለ ድምፅ ሰማሁ።

"አጥፋው።"

"ዳገት ላይ ነን እኮ ጋሼ።"

"አጥፋው አልኩህ" አሉና እኔ ሳልደርስ እጃቸውን ዘርግተው ቁልፉን ራሳቸው መለሱት። ፍሬን ይዤ አቆምኳት፣ አያ መኳንንት ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ። "ምን ሆኑ?" አለ። በሬዎቼ አላለም። ፊቱ አመድ መስሏል።

ጋሽ ይርዳው ኮፈኑን ከፍተው ቆሙ። ቤንዚኑን አሸተቱ፣ ደህና ነው። ሽቦዬን አዩ፣ ደህና ነው። ከዚያ አየር ማስገቢያው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። አፉ ክፍት ነው።

"ጨርቁ የት አለ?"

"የሺ ዛሬ ጠዋት አጥባው አልደረቀም ነበር" አለ አያ መኳንንት። "ለአንድ ቀን ምን አለበት ብዬ ነው።"

ጋሽ ይርዳው መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ያን ሰንጠረዥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሞሉት ጨርቅ ታስሮ ነው። ጋቢው ታጥፎ፣ እብቅ ጠጥቶ ሞተሩን አፍኖት ነበር። እነዚያ ልኮች ሁሉ ለታፈነ ሞተር ልክ ናቸው። ጨርቁ ሲነሣ አየሩ ገባ፣ ኮምፒውተሩ ግን አየር አያይም፣ የሚያየው በሩን ነው፣ ስለዚህ የታፈነውን ያህል ቤንዚን ሰጠው፣ ሞተሩም ራበው። ሜዳው ላይ ልዩነቱ አልታየም። ዳገቱ ላይ ታየ።

"አባቴ የወፍጮ ሞተር ነበረው" አሉ፣ ለማናችን እንደሚናገሩ አልታወቀኝም። "ዱቄት እንዳይገባበት አፉ ላይ ጨርቅ ሲያስር ነው ያደግኩት። በየቀኑ ኮፈኑን እከፍት ነበር፣ ጨርቁም ዓይኔ ሥር ነበር፣ አላየሁትም። ቤንዚኑን ጠረጠርኩ፣ ሴንሰሯን ጠረጠርኩ፣ አንተን ጠረጠርኩ። ያደግኩበትን ነገር መጠርጠር አልመጣልኝም።"

ከዚያ አዲስ አበባን ነገሩን፣ ወረታ ስትጠይቅ የኖረችውን። አንድ የታክሲ ሞተር ላይ የሌላ ሰው ሰንጠረዥ ጫኑ። ያው ነው ብለዋቸው አመኑ። ሞተሩ ተቃጠለ። ባለታክሲው ከዚያች መኪና በቀር የሚበላበት አልነበረውም። አልሰደባቸውም፣ ዝም ብሎ መኪናውን እየገፋ ከግቢው ወጣ። "ከዚያ በኋላ በዚያ ሰፈር ማለፍ አቃተኝ፣ ኋላም ከተማው ራሱ አቃተኝ" አሉ። እኔ ወዴት እንደማይ ጠፋኝ።

ተነሥተው ከአያ መኳንንት ፊት ቆሙ። "ይቅር በለኝ። በሬዎችህን ልገድላቸው ነበር።"

"ኧረ ጋሽ ይርዳው፣ አልሞቱም እኮ። በጊዜ ሰምተው አጠፉት።"

"እኔ የሰማሁት ከዘገየ በኋላ ነው። ያቆየችው ያቺ የጨመርኳት ናት። እሷ ባትኖር ድምፁን ስሰማው ፒስተኑ ቀልጦ ነበር።"

አያ መኳንንት ሄዶ ሞተሩ ላይ መዳፉን አሳረፈና ትኩሱ እስኪያቃጥለው ያዘው። ካንዴላዎቹን ፈትተን አየን፣ ደህና ነበሩ። ግማሹን ሩዝ በሌላ መኪና አስጭነን፣ ሞተሩ ሲበርድ ቀስ እያልን ደብረ ታቦር ደረስን።

ሲመለሱ ጋሽ ይርዳው ደህና የአየር ማጣሪያ አስገጠሙና ሰንጠረዡን ያለ ጨርቅ ከሥሩ ሠሩት። መጨረሻ ላይ ያቺን ጭማሪ ጨመሩ። እኔም ለምን አላልኩም። አያ መኳንንት ግን ጭስ ባየ ቁጥር "ጋሼ፣ ያቺ ያላየናት እስካሁን አልመጣችም?" እያለ ያሾፍባቸዋል። እሳቸውም "መምጣቷን ማን ይነግርሃል" ይሉታል።

የቀበርናቸው ቁሐር ሚካኤል ነው፣ እናታቸው አጠገብ። አስከሬናቸውን ከዋናው መንገድ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያደረሰችው የአያ መኳንንት ፒካፕ ናት። ከኋላዋ ስንሄድ ጭሷ ፊታችን ላይ ይመጣል፣ ማንም አፍንጫውን አልያዘም።

ሩዝ መታጨድ ሲጀምር አያ መኳንንት ጋራዥ መጣ። "በሬዎቼ ሰሞኑን መጠጥ አበዙ" አለኝ። "ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጋሽ ይርዳው የጨመሯትን ቀንስልኝ። ለቤንዚን ሰልፍ ውዬ የምገባው ባዶ እጄን ነው።"

ላፕቶፑ ጋራዥ ቀርቷል፣ ማንም ደፍሮ አልከፈተውም፣ የተቆለፈ ነው ብለን። አቧራውን ጠርጌ ከፈትኩት። የይለፍ ቃል አልጠየቀኝም። በቀጥታ ሰንጠረዡ መጣ፣ ፊደሉና ቁጥሩ ግን የጡብ ያህል አድርገው አግዝፈውታል፣ ጥቂቱ ብቻ ነው ስክሪኑ የሚችለው። ዓይናቸው ደክሞ ኖሯል። ብርሃኑ እያንጸባረቀባቸው ነው እጃቸውን ሲያጠሉ የኖሩት። ፀሐይ ነው ያሉኝ እውነታቸውን ነበር፣ ያን ያህል ዘመን አንዲት እውነት ሲነግሩኝ አላመንኳቸውም።

መኪናዋን አስነሥቼ ረገጥኩ። ጥቁር ጭስ ተፋች። ሴንሰሯም በጣም በዝቷል አለች፣ ጋሽ ይርዳው ከተዉት ይልቅ በዝቷል። አያ መኳንንት "አየህ?" አለኝ። ጣቴ ሳጥኖቹ ላይ ደርሶ ነበር።

"ጨርቅ አስረሃል አያ?"

"ኧረ እንዴት አድርጌ። ከዚያ ቀን ወዲህ አስረን አናውቅም።"

"እስቲ ኮፈኑን ክፈተው።"

"ነገርኩህ እኮ። አላመንከኝም?"

"አላመንኩህም፣ ክፈተው።"

ቅር እያለው ከፈተው። ማጣሪያው አፍ ላይ ከጥለት ነጠላ የተቀደደ ጨርቅ፣ ታጥፎ፣ በጥንቃቄ ታስሯል። እብቁ ቢጫ አድርጎታል። አያ መኳንንት ጎንበስ ብሎ ጥለቱን ነካው። "የሺ ናት" አለ ቀስ ብሎ። "የሷ ነጠላ ነው። አጨዳው ሲጀመር እብቅ እንዳይገባባቸው ብላ ነው። ለበሬዎቹ አዝና።"

በዚያች ሰዓት ቀንሼለት ቢሆን፣ አንድ ጠዋት እትዬ የሺ ጨርቁን ፈትታ ታጥበዋለች፣ እሱም ለአንድ ቀን ምን አለበት ብሎ ዳገቱን ይወጣል። ጨርቁን ፈትቼ እንደገና አስነሣኋት። ጭሱ ሳሳ፣ ሴንሰሯም ወደ ቦታዋ ተመለሰች፣ ትንሽ ብቻ በዝቷል አለች።

"ያቺ የቀረችውስ?" አለ አያ መኳንንት።

"ያቺ ትቆይ።"

"ለምን ትቆያለች?"

"ላላየነው" አልኩት።

ኮፈኑን ዘጋው። "እሽ፣ ትቆይ። በል ጨርቁን ስጠኝ፣ የሺ ትፈልገዋለች።"

"እኔ ዘንድ ይቀመጥ።"

"መልሼ አላስረውም። እየማልኩልህ።"

"አላምንም" አልኩት።

አያ መኳንንት ሳቀ፣ ሲስቅ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ በመዳፉ ጠርጎ መኪናዋ ውስጥ ገባ። ወደ ቁሐር ሚካኤል ስትሄድ ከኋላዋ ስስ ጥቁር ጭስ ትታለች። ጨርቁን እንደያዝኩ መንገዱ ዳር ቆሜ ጭሱን አየሁት። ልክ ነበር።